ጽጌረዳን በደብረ ብርሃን ብርድ ከቁራጭ ማባዛትና ማሰሮ መቀየር

ጽጌረዳ ብርድ የሚፈራ ተክል አይደለም። በአንኮበርና በመንዝ አጥር ለአጥር የምናገኘው፣ ነጭ አበባውን አይተን የምናልፈው፣ ልጆች ደግሞ ፍሬው ሲቀላ እሾሁን ታግሠው የሚለቅሙት ቀጋ ራሱ የጽጌረዳ ወገን ነው፤ ደጋውን የለመደው ማንም ሳይንከባከበው ነው። ብርድ የሚፈራው ገና ሥር ያላወጣ ቁራጭ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ስለዚህ «ክረምቱ ሲወጣ ቁረጥና ትከል» የሚለው ምክር ለሌላ አገር ሊበጅ ይችል ይሆናል እንጂ፣ እዚህ በመስከረም የተተከለውን ቁራጭ ሥር ሳይዝ ለኅዳር ውርጭ ማስረከብ ማለት ነው።

በእኔ ልምድ ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢዋ ደጋ የሚስማማው ጊዜ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ያለው ነው። ውርጩ አልፏል፣ አፈሩ መሞቅ ጀምሯል፣ ተክሉም ከበጋው እንቅልፍ ነቅቶ ማቆጥቆጥ ይዟል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ስለሚበዛ ቁራጩ ይበሰብሳል፤ በረዶም ሲጥል የወጣውን ለጋ ቅጠል ይቀጠቅጠዋል። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የቁራጭ ጠላት የፀሐይ ሙቀት ስለሆነ፣ ደመናማው ክረምት የተሻለ ወቅት ነው።

ለመቁረጥ የሚመረጠው በዚያው ዓመት ያደገና አበባው በቅርቡ የረገፈለት ቅርንጫፍ ነው። ውፍረቱ እርሳስ የሚያህል ይሁን። መድረሱን የማረጋግጠው በእሾሁ ነው፤ እሾሁ በአውራ ጣት ወደ ጎን ሲገፋ ቀጭ ብሎ ከተነሣ ቅርንጫፉ ደርሷል፤ ከታጠፈ ወይም ልጣጩን ይዞ ከተቀደደ ገና ለጋ ነው። በማለዳ፣ በተሳለና በአልኮል በተጠረገ መቀስ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ አራት ወይም አምስት ዐይን (ቡቃያ የሚወጣበት ነጥብ) ያለው ቁራጭ ይወሰዳል። የታችኛው ጫፍ ልክ ከዐይኑ ሥር ቀጥ ተደርጎ፣ የላይኛው ደግሞ ከዐይኑ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሰያፍ ይቆረጣል። ይህ ለውበት አይደለም፤ ብዙ ቁራጭ በአንድ ጊዜ ሲሠራ የትኛው ጫፍ ወደ ታች እንደሆነ መርሳት ቀላል ሲሆን፣ ተዘቅዝቆ የተተከለ ቁራጭ ደግሞ ድካምን ከንቱ ያደርጋል። ላይ ካሉት አንድ ወይም ሁለት ቅጠሎች በቀር ሌላው ይራገፋል፤ ቁራጩም እስኪተከል ድረስ ውሃ ውስጥ ይቆያል።

እዚህ ላይ እኔ የሠራሁትን ስሕተት መናገር ይጠቅማል። ከአንድ ችግኝ ሻጭ የገዛሁት ጥቁር ቀይ ጽጌረዳ ነበረኝ፤ ከግንዱ ሥር አንድ ረጅም፣ ለምለም፣ ከሌሎቹ ሁሉ የፈጠነ ቅርንጫፍ ወጣለትና «ከዚህ የሚሻል የት ይገኛል» ብዬ ሰባት ቁራጭ አወጣሁበት። አምስቱ ጸደቁ። በሁለተኛው ዓመት ሲያብቡ አበባቸው ትንሽ፣ አምስት ቅጠል ብቻ ያለው፣ የገረጣ ሆነ። እናቲቱ የተዳቀለች፣ ማለትም በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ የተቀጠለች ኖራለች፤ እኔ የቆረጥሁት ደግሞ ከተዳቀለችበት እብጠት በታች፣ ሥር እንድትሆን ከተመረጠችው ከሌላይቱ ጽጌረዳ የበቀለውን ነበር። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት የግንዱን ግርጌ ገለጥ አድርጎ እብጠቱን መፈለግና ከእርሱ በላይ የወጣውን ብቻ መውሰድ ያስፈልጋል። ከበታቹ የሚወጣው ከመነሻው ተገንጥሎ ይጣል፤ ካልሆነ ምግቡን እየተሻማ የላይኛዋን ያጫጫታል።

ለቁራጭ የሚዘጋጀው አፈር ምግብ የበዛበት መሆን የለበትም። ሥር የሌለው ነገር የሚበላበት አፍ የለውም፤ ፍግ ሲገባበት የሚጠቀመው ሻጋታው ነው። ታጥቦ የጠራ የወንዝ አሸዋና ቀይ አፈር እኩል ለእኩል መቀላቀል ይበቃል። የአካባቢያችንን ጥቁር ዋልካ ብቻውን መጠቀም ግን አይመከርም፤ ሲረጥብ ተጣብቆ አየር ይከለክላል፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ክር የመሰለውን አዲስ ሥር ይበጥሳል። ከቁራጩ ግርጌ በአንድ ጎኑ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ልጣጩን በቢላ ፋቅ ማድረግ ሥሩ የሚወጣበትን በር ይከፍትለታል። የሥር ማስወጫ ዱቄት ከተገኘ ጫፉን ነካ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ባይገኝም ጽጌረዳ ያለ እርሱ ይጸድቃል። ማር የሚቀቡም አሉ፤ እኔ ማሩን ለቁርስ ባቆየው እመርጣለሁ። መጀመሪያ በእንጨት ቀዳዳ ተበጅቶ፣ ሁለት ዐይን አፈር ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቁራጩ ይሰካና አፈሩ በጣት ጠበቅ ይደረጋል።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው እርጥበት ያለው አየር ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጦ ቁራጩ ላይ መድፋት ከማንኛውም ውድ ዕቃ አያንስም። ጠርሙሱ ከውስጥ ላብ ካወጣ ውሃው በቂ ነው፤ ደርቆ ከታየ አፈሩ ይጠጣ። ሻጋታ እንዳይነሣ ክዳኑን በቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል መክፈት ይገባል። ቦታው ብርሃን የሚያገኝ፣ ግን የቀትር ፀሐይ የማያርፍበት መሆን አለበት፤ እኔ የምጠቀመው በምሥራቅ በኩል ያለውን የቤቱን ጥግ ነው።

አሁን የሚጠበቀው ትዕግሥት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በአሥረኛው ወይም በአሥራ አምስተኛው ቀን የላይኛው ዐይን ቀላ ብሎ የገብስ ፍሬ ያህል ያብጥና ለጋ ቅጠል ያወጣል። ቤተሰቡ «ጸደቀ!» ይላል። አልጸደቀም። ያ ቅጠል የወጣው ቅርንጫፉ በሆዱ ይዞት በመጣው ስንቅ ነው። በዚህ ጊዜ ነቅዬ ያየሁት ቁራጭ ከግርጌው ላይ ነጭ፣ ሻካራ ቀለበት ብቻ አብጦበት ነበር፤ አንዲት የሥር ክር አልነበረችውም። እውነተኛው ሥር ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት፣ በእኛ ብርድ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። እየነቀሉ ከማየት የሚሻለው ቁራጩን ከመጀመሪያው በሌላ የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ውስጥ ተክሎ፣ ቂጡን በስቶ፣ ዙሪያውን በጥቁር ጨርቅ መጠቅለል ነው። ጨርቁን ገለጥ ሲያደርጉ ነጩ ሥር የጠርሙሱን ግድግዳ ይዞ ሲወርድ በዐይን ይታያል። ያኔ መሸፈኛው ጠርሙስ በየቀኑ ጥቂት ሰዓት እየተነሣ፣ በሳምንት ውስጥ ጨርሶ ይወገዳል።

ቁመቱ ረጅም የሆነ ጽጌረዳ ያለው ሰው ከዚህ የቀለለ መንገድም አለው። አንዱን ቅርንጫፍ ሳይቆርጥ ወደ መሬት አጎንብሶ፣ ከታች በኩል ልጣጩን ፋቅ አድርጎ፣ አፈር አልብሶ ድንጋይ ይጫንበታል፤ ሥር እስኪያወጣ ድረስ እናቱ ትመግበዋለች። ከወራት በኋላ ከእናቱ ተቆርጦ ይነሣል።

ሥር የያዘው ችግኝ በመጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ሊትር ወደሚይዝ ዕቃ ይዛወራል። በአንድ ጊዜ ወደ ትልቅ ማሰሮ ማስገባት ጥሩ አይደለም፤ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃ ቋጥሮ ይቀመጥና ያበሰብሰዋል። ለአደገ ጽጌረዳ ግን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አፉ ተቆርጦ በሚገባ ያገለግላል። ቂጡ በጋለ ምስማር ስድስት ወይም ስምንት ቦታ ይበሳና ከመሬት ከፍ እንዲል በሦስት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ከታች ጠጠር መደልደል ውሃ ያወርዳል የሚባለው ልማድ ግን አይረዳም፤ ውሃው ጠጠሩ ላይ ሲደርስ አፈሩ ውስጥ ቆሞ ይቀራል፣ ለሥሩም ቦታ ይጠብባል።

ማሰሮ የመቀየሪያው ጊዜ መድረሱ የሚታወቀው ሥር በቀዳዳው ብቅ ሲል፣ ወይም ያጠጡት ውሃ ሳይቆይ ከታች ሲፈስ ነው። አፈሩ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋና አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ይሁን። በእኛ አካባቢ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ስለሚሄድ ፍግ በቀላሉ አይገኝም፤ የበግ በጠጥ ግን ከየጋጣው አይጠፋም፤ ለወራት ተከምሮ ሙቀቱ ከወጣለት ይበቃል፤ ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። አመድ መነስነስም የተለመደ ነው። ጽጌረዳ ትንሽ ወደ ኮምጣጣነት ያደላ አፈር ስለሚወድና አመድ ደግሞ ተቃራኒውን ስለሚያደርግ፣ የምድጃውን አመድ በየሳምንቱ ማሰሮ ላይ መድፋት ይቅር።

ተክሉ ከመነሣቱ አንድ ቀን ቀድሞ ውሃ ይጠጣ። ማሰሮውን አጋድሞ ዙሪያውን መታ መታ በማድረግ ከነአፈሩ ማውጣት ይቻላል፤ ግንዱን ይዞ መጎተት ሥር ይበጥሳል። የወጣት ችግኝ አፈር አይበተን። ባረጀው ላይ ግን እንደ ገመድ የተጠመጠመው ሥር ይፈታል፤ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ የሚሸተው ተቆርጦ ይጣላል፣ ነጩና ጠንካራው ይቀራል። የተዳቀለ ከሆነ እብጠቱ ከአፈሩ ገጽ ጥቂት ከፍ ይበል። በመጨረሻም ላዩ አንድ ሦስተኛ ያህል ተገርዞ፣ ውሃ ከታች እስኪንጠባጠብ ተጠጥቶ፣ ለአንድ ሳምንት ጥላ ውስጥ ይቆያል። ለአንድ ወር ማዳበሪያ አይሰጠው። ከቁራጭ የወጣ ችግኝ በመጀመሪያው ዓመት የሚያወጣውን እምቡጥ መቀንጠስ ቢያሳዝንም፣ ጉልበቱን ለሥሩ እንዲያውል ያደርገዋል።

ጥቅምት ሲገባ ማሰሮዎቹን ወደ ግድግዳው ማስጠጋት፣ ውሃውንም ማታ ሳይሆን ጠዋት ማጠጣት ያስፈልጋል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ በተኛበት ማታ ችግኞቹ ጆንያ ይልበሱ፣ ፀሐይ ስትወጣ ይገለጥላቸው። ይህ ሁሉ ተደርጎም ውርጩ ጫፋቸውን ሊያጠቁረው ይችላል። ያን ጊዜ መቀስ ለማንሣት አለመቸኮል ነው፤ ግርዛት አዲስ ቅጠል ይቀሰቅሳል፣ አዲሱን ቅጠል ደግሞ የሚቀጥለው ውርጭ ይወስደዋል። የጠቆረው እንዳለ ይቆይና በየካቲት አረንጓዴው እስከሚጀምርበት ድረስ ወርዶ ይቆረጣል።