የተጣመመ የአንጎል ምስልን በተቃራኒ ጥንድ ማቅናት

በዲፊውዥን ኤምአርአይ (የውሃ እንቅስቃሴን በሚያሳየው የአንጎል ምስል) ላይ የፊት አንጎል ተጨፍልቆ ወይም ተለጥጦ ከታየ ምክንያቱ አየር ነው። ከአፍንጫ ጀርባ ባሉት ክፍተቶችና በጆሮ አጥንት አካባቢ አየርና ሥጋ ሲዋሰኑ መግነጢሳዊ መስኩ ይዛባል። ኢፒአይ (ፈጣኑ የንባብ ስልት) ደግሞ ስላይሱን፣ ማለትም አንዱን የምስል ቁራጭ፣ በአንድ ትንፋሽ ስለሚያነብ፣ ስህተቱ በፌዝ ኢንኮዲንግ አቅጣጫ (መስመሮቹ አንድ በአንድ በሚነበቡበት አቅጣጫ) ይከማቻል።

መንሸራተቱን ማስላት ቀላል ነው፤ የመስኩን መዛባት በኸርዝ፣ በጠቅላላ የንባብ ጊዜ በሰከንድ ማባዛት። 96 መስመር በ0.7 ሚሊሰከንድ ልዩነት ከተነበበ ጊዜው 95 × 0.7 = 66.5 ሚሊሰከንድ ነው። 100 ኸርዝ የተዛባ ቦታ 6.65 ቮክሰል (የምስሉ ትንሿ ኪዩብ) ይሸሻል፤ ቮክሰሉ 2 ሚሊሜትር ከሆነ ከ13 ሚሊሜትር በላይ ማለት ነው። ፓራለል ኢሜጂንግን (መስመሮችን እየዘለለ የሚያነበውን ስልት) 2 ላይ ብታደርጉ በግማሽ ይቀንሳል። 3 እና 4 ይበልጥ ይቀንሱታል፣ ነገር ግን ምስሉ በኖይዝ ይሻክራል፤ ለተለመደ ሥራ 2 ይበቃል።

የቀረውን በጥንድ ምስል አቅኑ። ከዋናው ስካን አጠገብ፣ ቢ ዜሮ ምስሎችን (ያለ ዲፊውዥን ክብደት የሚነሱትን) አንዴ ከፊት ወደ ኋላ፣ አንዴ ከኋላ ወደ ፊት አንሱ። ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይዘልም። በሁለቱ መካከል ሺም (የመስኩ ማስተካከያ) እንደገና እንዳይሠራ፣ የስላይሱ አቀማመጥም እንዳይነካ። አንዱ የጨፈለቀውን ሌላው ይለጥጠዋል፤ ትክክለኛው ቦታ የሚገኘው ከሁለቱ ነው።

በኤፍኤስኤል የምስል ሶፍትዌር ውስጥ ባለው ማቅኛ፣ በቶፕአፕ፣ ሁለቱን አንድ ፋይል ውስጥ አያይዙና የግቤት ሠንጠረዡን በምስሎቹ ቅደም ተከተል ሙሉ፦

0 -1 0 0.033
0 1 0 0.033

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አቅጣጫውን ያሳያሉ፤ የመጨረሻው ቁጥር የንባብ ጊዜው ነው (በሰከንድ፣ እዚህ በፓራለል 2)። የሁለቱ ምስሎች ጊዜ እኩል ከሆነ ትንሽ ቢሳሳት ምስሉ አይበላሽም፤ የመስኩ ካርታ ብቻ በኸርዝ ትክክል አይሆንም። የሁለቱም መስመሮች ምልክት ከተገላበጠ የመስኩ ካርታ ምልክት ብቻ ይገለበጣል፤ ዋናው ስካን ሲቀና ግን የተቃራኒው አቅጣጫ መስመር ከተሰጠው፣ ማቅኛው መዛባቱን በእጥፍ ያባብሰዋል። የተለመደው የቶፕአፕ ማዋቀሪያ በ2 ስለሚከፍል፣ የስላይሱ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ ሥራው ይቆማል፤ ከታች ባዶ ስላይስ ካለ ቁረጡት።

ውጤቱን በቲ1 ምስሉ (ባልተዛባው የአንጎል ቅርጽ ምስል) ላይ ደርቡትና የፊት አንጎልንና የአንጎል ግንድን ጠርዝ ተመልከቱ። ከአፍንጫ ክፍተት በላይ ጥቁር ቀዳዳ ከቀረ ያ መዛባት ሳይሆን የጠፋ ሲግናል ነው፤ ቶፕአፕ አይመልሰውም። እዚያ የሚረዳው ቀጭን ስላይስና አጭር ኤኮ ታይም (ሲግናሉ እስኪነበብ የሚጠበቀው ጊዜ) ነው።