የልደት ወይም የሞት ምስክር ወረቀት ከወረዳ እንዴት ይወጣል?

ፓስፖርት፣ ውርስ፣ የጡረታ አበል፣ ቪዛ፤ ከነዚህ አንዱ ሲመጣ ወረዳ መሄድ አይቀርም። ሰው ሁሉ የሚፈራው ወረፋውን ነው። ወረፋውስ ያልፋል። የሚያመላልሰው ስምና ቀን ነው።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ወረዳ ለዩ። ልደት የሚመዘገበው ወላጆች በሚኖሩበት፣ ሞት ደግሞ ሟቹ ይኖሩበት በነበረው ቦታ ነው። አባታችሁ ያረፉት ቦሌ ሆስፒታል ውስጥ፣ ቤታቸው ግን ጉለሌ ከሆነ ጉዳያችሁ ያለው ጉለሌ ነው።

መዝገቡ ማንም ገብቶ የሚያገላብጠው አይደለም። ባለጉዳይ መሆናችሁን የሚያሳይ ነገር ይዛችሁ ቅረቡ፦ መታወቂያ፣ ዝምድናችሁን የሚገልጽ ማስረጃ፣ ለሌላ ሰው ከሆነ ውክልና። ውጭ አገር ያላችሁ ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ አሠሩ። አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። «የልደት ምስክር ወረቀት እንዲያወጣልኝ» የሚለው ሐረግ በግልጽ ይጻፍበት። «ማንኛውንም ጉዳይ» ብቻ የሚል ውክልና መስኮቱ ላይ ክርክር ያስነሳል።

አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ) ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ስሙ መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል። ያኔ የምትጠይቁት ቅጂ ሳይሆን አዲስ ምዝገባ ነው። የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የሆስፒታል ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ ያላችሁን ሁሉ ሰብስቡ።

አሁን ወደ ዋናው። ስም ሲፈለግ ጸሐፊው «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን እናንተ «ጸሀይ» ብላችሁ ብትጠይቁ «የለም» ልትባሉ ትችላላችሁ። በሐ እና በሀ፣ በሠ እና በሰ፣ በዐ እና በአ እንዲሞክሩላችሁ ጠይቁ። ሟች ከሆኑ ደግሞ የቤት ስማቸውን አትጥሩ፤ ሰፈሩ «እታባ» ሲላቸው ኖሮ መታወቂያቸው ላይ ሌላ ስም ሊኖር ይችላል። በላቲን ፊደል የሚጻፈው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። ፓስፖርቱን ራሱን ለጸሐፊው አሳዩት፤ በቃል መናገር አይበቃም።

ቀኑ ይብሳል። ብዙ ሰው ወደ ፈረንጆቹ ሲቀይር ዓመቱ ላይ ዝም ብሎ 8 ይደምራል። ኅዳር 5 ቀን 1985 የተወለደ ግን በፈረንጆቹ ኖቬምበር 14 ቀን 1992 ነው፤ በዚያው ዓመት ጥር 5 የተወለደው ጃንዋሪ 13 ቀን 1993። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ የሚደመረው 7 ነው፣ ከዚያ ወዲያ 8። ስልካችሁ ላይ ያለው የቀን መቀየሪያ ይበቃል፤ ውጤቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂዱ።

የክብር መዝገብ ሹሙ (ምስክር ወረቀቱን የሚፈርመው ኃላፊ) ከመፈረሙ በፊት ረቂቁን ለማየት ጠይቁ። አታፍሩ። ከተፈረመ በኋላ የዓመት ስህተት ለማረም ፍርድ ቤት ሊሰዷችሁ ይችላሉ።

ጊዜ ገደቡም አለ፦ ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ። ለቅሶ ቤት ግን ወረቀት ማን ያስታውሳል? አብዛኛው ቤተሰብ ትዝ የሚለው አርባው ከወጣ በኋላ ነው፤ ያኔ 30ው ቀን አልፏል። ስለዚህ ከሆስፒታል የሚሰጠውን የሞት ማሳወቂያ ለአንድ ረጋ ላለ ዘመድ ስጡና ወረዳ እንዲሄድ አደራ በሉት። ያለ ሞት ምስክር ወረቀት የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ፍርድ ቤት መሄድ ዋጋ የለውም።

በር ላይ «እኔ በአንድ ቀን እጨርስላችኋለሁ» የሚል ደላላ አይጠፋም። ቅጽ መሙላት ካቃታችሁ ውጭ ላለ ጸሐፊ ከፍሎ ማስሞላት ምንም አይደለም። ዋናውን ሰነድ ግን ለማንም አትስጡ።

ወረቀቱ እጃችሁ ከገባ ወዲያው ፎቶ ኮፒ አድርጉት፣ ላሚኔት ግን አታስደርጉት። ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የማረጋገጫ ማህተም ይመታበታል፤ ፕላስቲክ ላይ ማህተም አይይዝም።