የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማከማቻ ጉድጓድ ግፊት ሲያሻቅብ፦ ችግርና መፍትሄ

መለኪያውና ቫልቮቹ ደህና መሆናቸውን አስቀድማችሁ ፈትሻችኋል ብዬ እጀምራለሁ።

ምልክት፦ የሚገባው የጋዝ መጠን ሳይለወጥ ግፊቱ ከቀን ወደ ቀን ይጨምራል።

በአብዛኛው የምጠራው ለዚህ ነው። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ሲሆን መፍትሄያቸው ግን አይገናኝም። አንደኛው ጨው ነው፤ ደረቁ ጋዝ በአሸዋ ድንጋዩ ቀዳዳዎች ያለውን ጨዋማ ውሃ እያተነነ ጨዉን ጥሎ ያልፋል፤ ድንጋዩም እንደ ኩራዝ ክር ከራቅ ካለ ስፍራ ተጨማሪ ጨዋማ ውሃ ስለሚስብ፣ ክምችቱ በጉድጓዱ ዙሪያ እየወፈረ ይሄዳል። ሁለተኛው ጋዙን የሚቀበለው የድንጋይ ንብርብር ዙሪያው የታጠረ ሆኖ መሙላቱ ነው።

ለመለየት ጋዙን ዘግታችሁ ግፊቱን ተከታተሉ፤ ቶሎ ከወረደ መደፈኑ ጉድጓዱ አጠገብ ነው፤ ከፍ እንዳለ ከቆየ ንብርብሩ ሞልቷል። በተዘጋ ቁጥር ጨዋማው ውሃ ስለሚመለስ ምርመራውን በየሳምንቱ አትድገሙት።

ጨው ከሆነ ጨው በሌለው ውሃ ይታጠባል። አንድ ቦታ ላይ ሠራተኞቹ ጨዉን ከጎረቤት ጉድጓድ በቀዱት ጨዋማ ውሃ ሲያጥቡ ደረስኩ፤ «ርካሽ ነው» አሉኝ። በባልዲው ጠርዝ ላይ የደረቀውን ነጭ ቅርፊት በጥፍሬ ፍቄ አሳየኋቸው። ሆኖም ድንጋዩ ሸክላ ካለበት ንጹሕ ውሃ አሳብጦት ቀዳዳዎቹን ስለሚደፍን፣ አስቀድማችሁ በናሙና ላይ ሞክሩ፤ አስፈላጊ ከሆነም ሸክላው እንዳያብጥ የሚረዳውን ፖታሲየም ክሎራይድ ጥቂት ጨምሩበት።

በኖርዌይ ስኖቪት የጋዝ መስክ ሁለቱም ችግሮች ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቱቦን በተባለው ንብርብር ሥራው እንደተጀመረ ግፊቱ ጨመረ፤ ጨዉ ግላይኮል የተባለ ፈሳሽ ኬሚካል በተቀላቀለበት ውሃ ሲታጠብ ችግሩ ቢቃለልም፣ ንብርብሩ ጠባብ ስለነበር ግፊቱ እንደገና አሻቀበ። በ2011 ጋዙን ወደ ስቶ ንብርብር ማዛወር ግድ ሆነ።

ግፊት በመጨመር መደፈኑን አስከፍታለሁ ብሎ ማሰብ ግን ጋዙን ከላይ የሚያግደውን የክዳን ድንጋይ መሰንጠቅ ነው። በአልጄሪያው የኢን ሳላህ ማከማቻ መሬቱ በሚሊሜትሮች መነሳቱ በሳተላይት ታይቷል፤ ጋዝ ማስገባቱም በ2011 ቆሟል።

ምልክት፦ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል። በኖራ ድንጋይ ከሆነ ጋዙ ሟሙቶበት አሲዳማ የሆነው ውሃ መተላለፊያ ቦርቡሮ ሊሆን ይችላል፤ ሥራውን አቁማችሁ የጋዙን መንገድ አጥኑ።

ምልክት፦ በባዛልት (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ውስጥ የክትትል ጉድጓዱ ፓምፕ ይደፈናል። በአይስላንዱ የካርብፊክስ ፕሮጀክት ፓምፑን የሸፈነው ካልሳይት፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከካልሲየም ጋር ተዋህዶ የሠራው ማዕድን፣ ነበር፤ ከገባው ጋዝ ከ95 በመቶ በላይ በሁለት ዓመት ውስጥ ድንጋይ ሆኗልና ይህ ብልሽት የሥራው መሳካት ነው። ፓምፑን ከመለወጣችሁ በፊት የተጋገረውን ፍቃችሁ ለላቦራቶሪ አስቀምጡ።