ኖቱን በሙሉ ለመሸጥ አትቸኩሉ

አሜሪካ ውስጥ ቤታችሁን በኦውነር ፋይናንስ (የቤቱ ገዢ ዋጋውን ቀስ በቀስ በቀጥታ ለእናንተ በሚከፍልበት መንገድ) ሸጣችሁ በየወሩ እየተከፈላችሁ ከሆነና ድንገት ዳጎስ ያለ ገንዘብ ካስፈለጋችሁ፣ የሞርጌጅ ኖቱን (የቤቱ ገዢ ዕዳውን ሊከፍላችሁ የፈረመበትን ሰነድ) በሙሉ አትሽጡት። ኖት ገዢዎች ከቀሪው ዕዳ ቀንሰው ነው የሚከፍሏችሁ፤ ወለዱ ዝቅተኛ ከሆነና የባለዕዳው፣ ማለትም የቤቱ ገዢ፣ ክሬዲት (የዕዳ አከፋፈል ታሪክ) ከደከመ ደግሞ ቅናሹ ያማል። ይልቅ ከፊሉን ብቻ መሸጥ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ለምሳሌ የሚቀጥሉትን 60 ክፍያዎች ትሸጣላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ወደ እናንተ ይመለሳል። ግን ባለዕዳው መሃል ላይ መክፈል ቢያቆም ወይም ቀድሞ ከፍሎ ቢገላገል ማን ምን እንደሚያገኝ ውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር፤ ጣጣው ያለው እዚያ ነው። የተፈረመበትን ዋናውን ኖትና ክፍያ የገባበትን የባንክ ማስረጃ አዘጋጁ። ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ደላላ ከመጣ፣ በሩን አሳዩት። ታክሱንም ሳትፈርሙ በፊት የሂሳብ ባለሙያ ጠይቁ፤ ታክሱ በየዓመቱ ሲከፋፈል የነበረው የቤት ሽያጭ ትርፍ በአንዴ ሊቆለልባችሁ ይችላል።