ከሽለላ ተነስቶ ኖርዌይ መድረስ

ስልክ ላይ «ይህንንም ይሞክሩ» ተብሎ የሚመጣው ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ ትናንት የሰማችሁት ሙዚቃ ዘመድ ነው። በትናንሽ አሳታሚዎች የሚወጣውን፣ ከተለመደው መንገድ ወጣ ያለውን የዓለም ሙዚቃ ለማግኘት አንድ የምታውቁትን አልበም ይዞ የተጫዋቾቹን ስም መከተል ይሻላል።

ጌታቸው መኩሪያን እንውሰድ። ሽለላን በሳክስፎን የተጫወተው ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ከኔዘርላንዱ የፓንክ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጣ። አልበሙን ዲስኮግስ ላይ ፈልጉት። ዲስኮግስ የአልበሞች መዝገብ ነው፤ ማን ምን እንደተጫወተ፣ ማን እንዳሳተመው ይጻፍበታል፤ አንዱን ስም ስትጫኑት ያ ሰው የተሳተፈባቸው ሥራዎች ይዘረዘራሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ዋናውን ስም ስለሚጫን ነው። ዋናው ስም ወደምታውቁት ቤት ይመልሳችኋል። በእንግድነት የተጫወቱትን ተጫኑ። ክላርኔት ከሚለው አጠገብ ግዛቪዬ ሻርል የሚባል ፈረንሳዊ አለ። እሱን ተከትላችሁ ስትሄዱ ከሦስት ኖርዌያውያን ጋር የሚጫወትበትን «ዳን ሌ ዛርብር» የተባለ ቡድን ታገኛላችሁ፤ ዝግ ያለ፣ ዜማ የሌለው የሚመስል፣ ድምፅ ከድምፅ የሚፋተግበት ሙዚቃ። ከኖርዌያውያኑ ሁለቱ፣ ኢንጋር ዛክና ኢቫር ግሪደላንድ፣ «ሶፋ» የሚባለውን አሳታሚ የመሠረቱ ናቸው። የሶፋን ዝርዝር ስትከፍቱ ለወራት የሚበቃ ሙዚቃ አገኛችሁ ማለት ነው።

ስሙን ካገኛችሁ በኋላ ለማድመጥ ሙዚቀኞች ሥራቸውን የሚሸጡበትን ባንድካምፕ የተባለ ድረ ገጽ ክፈቱ። እዚያ ሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛው፣ በአልበሙ ሽፋን አካባቢ የገዙት ሰዎች ትንንሽ ምስሎች ይታያሉ፤ አንዱን ስትጫኑ የዚያ ሰው ስብስብ ይከፈታል። ጥቂት ሰው ብቻ የገዛውን አልበም ምረጡ፤ የእነዚያ ሰዎች ምርጫ ነው የሚያስገርመው። ሁለተኛው ታግ፣ ማለትም አልበሙ ላይ የሚለጠፈው መፈለጊያ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል «ኤክስፔሪሜንታል» ብቻ ብትጽፉ ጎርፍ ነው የሚመጣባችሁ። የከተማ ስም ጻፉ፦ ካይሮ፣ ጃካርታ፣ ካምፓላ። ካምፓላን የጻፈ ሰው ኒዬጌ ኒዬጌ ቴፕስ የተባለውን አሳታሚ ሳያገኝ አይቀርም፤ የሙዚቃው ፍጥነት ግን ከቡና በፊት አይመከርም።

የዳታው ሒሳብ እንዲህ ነው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሚተላለፍ ሙዚቃ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። የ40 ደቂቃ አልበም በ320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ስታወርዱት 96 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ድምፁ ሳይቀነስ የሚቀመጥበትን ፍላክ የተባለውን የፋይል ዓይነት ከመረጣችሁ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስልክ ላይ ለሚሰማ ሰው ኤምፒስሪ ይበቃል። አልበሙ በአንድ ዚፕ ፋይል ታጥፎ ስለሚመጣ መሃል ላይ ኔትወርክ ከተቋረጠ እንደገና ከዜሮ ልትጀምሩ ትችላላችሁ፤ ስለዚህ መስመሩ ቀለል በሚልበት ሌሊት አውርዱ። «ዋጋውን እርስዎ ይወስኑ» በሚለው ዓይነት አልበም ላይ ሙዚቀኛው ዝቅተኛ ዋጋ ካላስቀመጠ 0 ብላችሁ ጽፋችሁ ማውረድ ይቻላል። ዋጋ ላለው ደግሞ ከኢትዮጵያ በካርድ መክፈል ስለሚያስቸግር፣ ውጭ ያለ ዘመድ በስጦታ መልክ ገዝቶ ወደ ኢሜይላችሁ ሊልክላችሁ ይችላል።

ሬዲዮ ለሚወድ በኢንተርኔት የሚተላለፈው የለንደኑ ኤንቲኤስ አለ። በቀጥታ ለመስማት ሰዓቱን አስሉ፦ በእነሱ አቆጣጠር የለንደን ምሽት 8 ሰዓት፣ ባሕር ዳር ላይ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፤ ከመጋቢት ሦስተኛ ሳምንት እስከ ጥቅምት ሦስተኛ ሳምንት ግን እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ 4 ሰዓት ይሆናል። ያለፉት ፕሮግራሞች ከዘፈን ዝርዝራቸው ጋር ስለሚቀመጡ፣ የወደዳችሁትን ስም ወስዳችሁ ወደ ዲስኮግስ ተመለሱ።

አሁን ጆሮው። የስልክ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣውም፤ ባጃጅ በሚያልፍበት ካፌ ደግሞ ስስ የሆነው ይሰወራል። የቀረው መሃሉ ብቻ ስለሆነ «ይሄ ሙዚቃ ነው እንዴ?» ትላላችሁ። በጆሮ ማዳመጫ፣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ ጀልባዎቹ ሞተር ሳያስነሱ ጣና ዳር ተቀምጣችሁ ስሙት። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች አትዝለሉ።

ለዚህ ሙዚቃ እንግዳ ነን ማለት ግን ልክ አይደለም። በሁዳዴ በገና ሲደረደር የሰማ ሰው ድሮን የሚባለውን፣ አንድ ድምፅ ሳይቋረጥ ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅበትን ሙዚቃ ያውቀዋል። የበገናው ድምፅ የሚነዝረው እንዝራ የሚባለው ትንሽ ቆዳ በአውታሩና በብርኩማው መካከል ስለሚገባ ነው። አንድ የበገና መዝሙር ክፈቱና ቃሉን ትታችሁ ንዝረቱን ብቻ ተከተሉ፤ ወዲያው የድሮን አልበም አስከትሉ። በዚህ ቅደም ተከተል የሰማ ሰው መሃል ላይ አያቋርጥም።

ማጫወቻው ላይ ቅደም ተከተል የሚያዘበራርቀውን ሸፍል አጥፉ፤ ብዙዎቹ አልበሞች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሥራ ናቸው። ስትሰሙ ደብተር ያዙ፦ የአልበሙ ስም፣ አሳታሚው፣ ከየትኛው ስም ተነስታችሁ እንደደረሳችሁ። ሦስተኛውን ካልጻፋችሁት ከሳምንት በኋላ መንገዱ ይጠፋችኋል።