የውጪ ሰርቪስ ሲዘጋ ቴስታችሁ አብሮ እንዳይወድቅ

ቴስት (ኮዳችሁ በትክክል መስራቱን የሚፈትሽ ኮድ) የሌላ ድርጅት ሰርቪስ በኢንተርኔት የሚጠራ ከሆነ፣ ኮዱን ማንም ሳይነካው ትላንት አልፎ ዛሬ ከወደቀ መጀመሪያ የሚጠራውን አድራሻ ራሳችሁ በከርል (ከተርሚናል አድራሻ የሚጠራ ፕሮግራም) ጥሩትና ምን እንደሚመልስ እዩ። 503 (ሰርቪሱ ለጊዜው አይሰራም የሚል የመልስ ቁጥር) ወይ ታይምአውት (መልስ ሳይመጣ ጊዜው ማለፉ) ከሆነ ብዙ ጊዜ ጊዜያዊ ነው፣ 410 ከሆነ ግን ሆን ተብሎ ተነስቷል ማለት ነው። በጣም የሚያደክመው 200 (ተሳክቷል የሚለውን ቁጥር) መልሶ ውስጡ ግን "አገልግሎቱ ተዘግቷል" የሚል ኤችቲኤምኤል ሲሆን ነው፣ ቴስቱ ጄሰኑን (መምጣት የነበረበትን የዳታ ፎርማት) ማንበብ አቃተኝ ይላል፣ እኔ አንዴ በዚ ምክንያት ግማሽ ቀን ሙሉ ፓርሰሩን (ጄሰኑን የሚያነበውን ኮድ) ስፈትሽ ውያለሁ።

ሪትራይ (ካልተሳካ ደግሞ መጥራት) መጨመር መፍትሄ አይደለም፣ የሞተን ሰርቪስ አስር ጊዜ ብትጠሩት አይመልስም።

ዋናው ስራ ሰርቪሱ ገና በህይወት እያለ እውነተኛ መልሱን ቀድቶ ከኮዱ ጋር በፋይል ማስቀመጥ ነው፣ ለዚህ የሚሆን መሳሪያ ለሩቢ ቪሲአር አለ፣ ለጃቫ ዋየርሞክ፣ ፋይሉን ኮሚት ከማድረጋችሁ (ከኮዱ ታሪክ ውስጥ ከማስገባታችሁ) በፊት ግን ቶክን (የመግቢያ ቁልፍ) እና ፓስወርድ አውጡበት እባካችሁ። ደግሞ የተሳካውን መልስ ብቻ አትቅዱ፣ 429ኙንም (ከልክ በላይ ጠራችሁ የሚለውን)፣ 503ቱንም፣ መሃል ላይ የተቆረጠውንም ጨምሩ፣ ምክንያቱም ኮዳችሁ ፕሮዳክሽን ላይ (ተጠቃሚው ጋ ሲሰራ) የሚሰበረው እነሱ ጋ ነው። ከዛ ቴስቱ ሲሮጥ ኔትወርኩን ዝጉበት፣ ፓይተን ላይ ፓይቴስት ሶኬት የሚባል ተጨማሪ ይሄን ያደርግላችኋል፣ ያኔ ተደብቆ ወደ ውጪ የሚወጣ ቴስት ካለ ወዲያው ይጋለጣል። የማይገኝ አድራሻ ለመሞከር ደግሞ የሌላ ሰው ሊሆን የሚችል ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) ከራሳችሁ ከመፍጠር መጨረሻው ዶት ኢንቫሊድ የሆነ ተጠቀሙ፣ ከ1999 ጀምሮ ለዚሁ ተብሎ የተያዘ ነው።

ግን የተቀዳ መልስ አንድ አደጋ አለው፣ ሰርቪሱ ከሞተም በኋላ ቴስቱ ያልፋል፣ ተጠቃሚው ጋ ግን ምንም አይሰራም። ስለዚ እውነተኛውን ሰርቪስ በቀን አንዴ የሚጠራ ለብቻው የሆነ ቼክ ይኑራችሁ፣ ሲወድቅ መርጅ (አዲስ ኮድ ከዋናው ጋር መቀላቀልን) አያግድ ግን የሚያየው ሰው ይመደብለት። ፓርስ የሚባለው የሞባይል ባክኤንድ (አፖች ከጀርባ ዳታቸውን የሚያስቀምጡበት ሰርቪስ) እዘጋለሁ ያለው ጃንዋሪ 2016 ነው፣ የተዘጋው ጃንዋሪ 2017፣ እንደዚ አይነት ማስታወቂያ የሚመጣው በኢሜይል ስለሆነ አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜይል ከቡድኑ በለቀቀ ሰው ስም እንዳይሆን።

ሰርቪሱ ለዘላለም ከተዘጋ ቴስቱን ስኪፕ አድርጋችሁ (እንዳይሮጥ ዘላችሁ) አትለፉ። በሌላ ከተካችሁት ከአዲሱ እንደገና ቅዱ፣ ካልተካችሁት ቴስቱንም፣ የተቀዳውንም ፋይል፣ የሚጠራውንም ኮድ ባንድ ኮሚት አጥፉ።