ደራሲው ራሱ ሲተርከው፦ የብሪታንያ አስቂኝ ልቦለዶችን ስናዳምጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

የብሪታንያ ቀልደኛ ሳይስቅ ነው የሚያስቀው። ጽሑፉን ብቻ ስታነቡ ቀልዱ ሳይታወቃችሁ ሊያልፍ ይችላል። ደራሲው ራሱ ሲተርከው ግን የት እንደሚያዘግም፣ የት ዝም እንደሚል፣ የትኛውን ቃል እንደ ዋዛ ጣል እንደሚያደርግ ትሰማላችሁ። ይህን ደስታ የሚያበላሹ ልማዶች አሉ።

ትልቁ ስህተት ማፍጠን ነው። ብዙ ሰው ኦዲዮ ቡክ ሲከፍት ፍጥነቱን 1.5 ላይ ያደርገዋል። ለቢዝነስ መጽሐፍ ምንም አይደለም፤ ቀልድን ግን ይገድለዋል። ሳቁ ያለው ከመጨረሻው ቃል በፊት ባለችው ትንሽ ዝምታ ላይ ነዋ! የሊድሱ ተወላጅ አለን ቤኔት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣውን «ዘ አንኮመን ሪደር» ራሱ ተርኮታል። በታሪኩ የብሪታንያ ንግሥት ውሾቻቸውን ተከትለው ሲሄዱ፣ ከቤተ መንግሥቱ ማዕድ ቤት አጠገብ የቆመ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ያገኛሉ። ለይሉኝታ አንድ መጽሐፍ ይዋሳሉ። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! ንባቡ ሲበረታ የመንግሥት ሥራ ይሰለቻቸዋል፤ ባለሟሎቻቸውም ይጨነቃሉ። ቤኔት ይህን ሁሉ በተወለደበት አካባቢ በዮርክሻየር ዘዬ፣ ረጋ ብሎ፣ ስለ ጎረቤቱ የሚያወራ ያህል ይነግረናል። ለጀማሪ የምመክረውም ይህንኑ ነው። አጭር ነው፤ አነጋገሩም ጥርት ያለ ነው።

ሌላው ተራኪው ማን እንደሆነ ሳያዩ መግዛት ነው። ደራሲው ዝነኛ ስለሆነ ብቻ ራሱ አንብቦታል ማለት አይደለም። ሪቻርድ ኦስማን የታወቀ የቴሌቪዥን ሰው ነው። በ2020 የወጣውን «ዘ ተርስዴይ መርደር ክለብ» የተረከችው ግን ተዋናይቷ ሌስሊ ማንቪል ናት። የዳግላስ አዳምስ «ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ» ደግሞ በደራሲውም በተዋናዩ ስቲቨን ፍራይም ድምፅ ይገኛል። ፍራይ ግሩም ነው፤ እኔ ግን አዳምስን እመርጣለሁ። ታሪኩ መጽሐፍ ከመሆኑ በፊት በ1978 በቢቢሲ ራዲዮ 4 የተላለፈ ድራማ ነበር። ገና ሲጸነስ ለጆሮ ነው የተጻፈው። የሰው ልጅ መሬት ለጠፈር አውራ ጎዳና ልትፈርስ መሆኑን ሰምቶ ሲደናገጥ፣ ፕላኑ በሌላ ኮከብ ባለ ቢሮ ለ50 ዓመት ተለጥፎ እንደቆየ ይነገረዋል። ቢሮ የተመላለሰ ሁሉ ያንን አነጋገር ያውቀዋል።

እንዲህ ስል ደራሲ ሁልጊዜ ከተዋናይ ይበልጣል ማለቴ አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በራዲዮ ያስወደደን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ነው እንጂ ሐዲስ ዓለማየሁ አልነበሩም። የእንግሊዛዊውን ቀልደኛ ደራሲ የዎድሃውስን መጻሕፍትም በተዋናዩ ጆናታን ሴሲል ትረካ ብትሰሟቸው አትከስሩም።

«አብሪጅድ» የሚል ካያችሁ እለፉት። ተቆርጧል ማለት ነው። መጀመሪያ የሚቆረጠው ደግሞ ከታሪኩ መስመር ወጣ ያለው ወሬ ነው፤ ቀልዱ ያለውም እዚያው ላይ ነው።

የምታዳምጡትን ድምፅ ሙሉ በሙሉ አትመኑ። በ2011 የወጣው «አይ፣ ፓርትሪጅ» ግለ ታሪክ ይመስላል፤ አለን ፓርትሪጅ የሚባል የራዲዮና የቴሌቪዥን አቅራቢ ግን የለም፤ የፈጠራ ሰው ነው። ገጸ ባሕርዩን የሚጫወተው ስቲቭ ኩገን መጽሐፉን ከሌሎች ጋር ጽፎ፣ በአለን ድምፅ ይተርከዋል። አለን ውርደቱን ሁሉ እንደ ድል ነው የሚያወራው። ቃላቱ «አሸነፍኩ» ይላሉ፤ ድምፁ ግን እንደቆሰለ ያሳብቅበታል። እኔ በወረቀት ካነበብኩት ይልቅ በጆሮዬ የሰማሁት እጅግ ይበልጥብኛል።

ይህን መጽሐፍ ስታዳምጡ የማታውቁት የሱቅ፣ የመኪና ወይም የፕሮግራም ስም በመጣ ቁጥር አቁማችሁ ጎግል አታድርጉ። ምዕራፉ ይለቅ፣ ከዚያ ፈልጉ። አስቀድማችሁ ብታውቁት የሚጠቅማችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የአለን ከተማ ኖርዊች ከለንደን ራቅ ያለች ናት፤ እሱ ደግሞ ቢቢሲ መልሶ እንዲቀጥረው አጥብቆ ይመኛል።